የመኪና ማቆሚያው አዋሳኝ

በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ እጄን ሳወጣ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ጌጡ ዞር ብሎ ፈገግ አለልኝ። ጌጡ የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። እኔ ደግሞ ከመናኸሪያው ጎን ካለው የመኪና ማቆሚያ ጋር አጥር የምጋራ ብቸኛዋ ሰው ነኝ። በማቆሚያው ላይ ሕንፃ ይሠራ ከተባለ ፀሐይ የሚከለለው ከእኔ ግቢ፣ ሲሚንቶው የሚበንነው በእኔ ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ ወገን እንደምቆም አልተጠራጠረም። ገና አፌን ሳልከፍት ለጭብጨባ እጁን አዘጋጅቶ ነበር።

«ጥሩወርቅ እባላለሁ» አልኩ። «ሃያ ስድስት ዓመት መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ቆርጬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ሕንፃው ይሠራ።»

የጌጡ እጆች አየር ላይ ቀሩ። አዳራሹን የሞሉት ሾፌሮች ሁሉ አእምሮዋ እንደተነካ ሴት አዩኝ። መድረኩ ላይ የነበረችው ሰላማዊት ብቻ ቶሎ ብላ ስሜን ጻፈች። ሰላማዊት የማዘጋጃው የፕላን ባለሙያ ናት፤ ልጅ እግር፣ ንግግሯ ፈጣን። ቀደም ሲል ግድግዳው ላይ ሥዕል አብርታ አስረድታን ነበር። መናኸሪያ አጠገብ ያለ መሬት ለመኪና መኝታ ይባክናል ወይ ነው ነገሩ። አሁን ስልሳ መኪና ያድርበታል። ምድሩ ሱቅ፣ ከላዩ አራት ፎቅ መኖሪያ ቢሆን ግን ሰማንያ ቤተሰብ ያድርበታል፤ ሰው ከቤቱ ወርዶ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ መኪኖቹ ወደ ከተማው መውጫ ይሄዳሉ።

ጌጡም የሚለው አላጣም። «ከአንበሳሜና ከይፋግ እህል ጭኖ የመጣ ነጋዴ መውጫው ላይ አቁሞ በሸክም ይግባ?» አለ። «እኛንስ ከተሳፋሪያችን ለይታችሁ ዱር ልትሰዱን ነው? መኪና የሌለበት መናኸሪያ የት አገር ነው ያያችሁት?»

እሱም እውነት አለው፤ እሷም እውነት አላት። እኔ ግን እጄን ያወጣሁት ለከተማው ዕድገት ተጨንቄ አይደለም። ከግድግዳዬ ማዶ የሚያስል ሰው ፈልጌ ነው። ከሰውም ሰው ዘምዘምን። ዘምዘም እንድትመለስልኝ ፈልጌ ነው።

ዛሬ መኪና የሚያድርበት ሜዳ ከስምንት ዓመት በፊት ሠፈር ነበር። ሠላሳ ሰባት ቤት ነበርን፤ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ መሀላችን ላይ አንድ ቦኖ ውሃ። የዘምዘምና የእኔ ቤት በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ጨው ሲያልቅብኝ ግድግዳውን በማማሰያ እመታለሁ፤ እሷ በመዳፏ ሁለት ጊዜ ትመልሳለች፤ መጣሁ ማለቷ ነው። ባሌ ያረፈ ዕለትም የመታሁት ያንኑ ግድግዳ ነው። ጫማ ሳታጠልቅ ነበር የደረሰችልኝ። ልጅ አልወለድኩም፤ የእሷን ልጆች ግን እየተቀባበልን አሳድገናል።

ከዚያ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይፈለጋል ተባለ። ለሁሉም ከከተማው በላይ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ምትክ ቦታ ተሰጠ። ሰዉ እያዘነም ቢሆን ተቀበለ፤ እኔ አሻፈረኝ አልኩ። ለማርያም ተሳልኩ። «ቤቴን ካተረፍሽልኝ የመቅደስ መጋረጃ አስገባልሻለሁ» አልኳት። ቀያሹ መጥቶ ችካሉን ሲተክል መስመሩ ልክ በእኔና በዘምዘም ግድግዳ ላይ አለፈ። ሠላሳ ስድስቱ ቤት ከመስመሩ ወዲያ፣ የእኔ ብቻ ከመስመሩ ወዲህ ሆነ።

ስለት ሲሠምር በአደባባይ ነው የሚገባው፤ ወጉ እንዲያ ነው። ኅዳር ጽዮን ዕለት መጋረጃዬን ተሸክሜ ሄድኩ። መሪጌታው ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ «እኅታችን ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሠፈሩ ሁሉ ሲነሣ የእሷ ቤት ስለተረፈላት ይህን የመሰለ መጋረጃ ይዛ መጥታለች፤ እልል በሉላት!» አሉ። ምእመኑ እልል አለ። እኔም ከሁሉ በላይ እልል አልኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ደግሞ አፉን ወደ ሠፈራችን ያዞረ ነው። በዚያች ሰዓት ሠፈሬ ውስጥ ቆርቆሮ እየተነቀለ፣ ሚስማር እየተለቀመ፣ አልጋ እየተፈታ ነበር።

አንድ ወር ብታገሥ ማርያም ትቀየመኝ ነበር? አትቀየመኝም። ግን ስለት ማሳደር ፈራሁ። ደግሞስ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኝም ነበር። ያፈርኩት ወደ ሠፈር ስመለስ ነው። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ወይም እኔ ቀና ብዬ ማንንም አላየሁም። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። የዘምዘም ዕቃ አይሱዙ ላይ ሲጫን ያየሁት በበሬ ስንጥቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዘምዘምን የማገኛት ለቅሶ ቤት ብቻ ሆነ፤ ድንኳን ውስጥ፣ በሰው መሀል። «ደህና ነሽ?» «ደህና፣ አንቺስ?» ከዚህ አያልፍም። ቤቴ ነይ አላለችኝም፤ እኔም ሳልጠራ አልሄድኩም። በእልልታዬ ቂም ይዛብኛለች፣ ብትይዝም እውነቷን ነው እያልኩ ስምንት ዓመት ቁጭ አልኩ።

ማቆሚያ አጠገብ መኖር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጠዋት ስልሳ መኪና ይወጣል፤ ማታ ስልሳ መኪና ይገባል። ረዳቶቹ «ባሕር ዳር! አንድ ሰው የቀረው!» ሲሉ ይውላሉ። በአጥሬ ጥግ በቀን ሺህ ሰው ያልፋል፤ ሁሉም የሚሄድበት አለው። ቆም ብሎ «እንዴት ዋልሽ» የሚለኝ የለም። ወንዶቹ ወደ አጥሬ ከዞሩ ለሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጆግ ውሃ አዘጋጅቼ ነው የምጠብቃቸው። ዓመት በዓል ሲሆን መኪኖቹም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ሜዳው ጭው ይላል። አንድ ፋሲካ የሠራሁትን ዶሮ ሦስት ቀን ብቻዬን በልቼ፣ በአራተኛው ቀን ለውሻ ሰጠሁት።

ከሁሉም ይልቅ የምጣላው ከሬድዋን ጋር ነው። የዘምዘም የመጨረሻ ልጅ ነው፤ አሁን ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ በሚኒባስ የአንበሳሜን መስመር ይሠራል። ያ ሁሉ ሜዳ እያለለት መኪናውን የሚያሳድረው ከግድግዳዬ ሥር ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ጭሱን ይለቅብኛል፤ እኔም በሬን ከፍቼ ወጥቼ የስድብ መዓት አወርድበታለሁ። «ይቅርታ፣ እትዬ» ይላል አንገቱን ደፍቶ። በማግስቱ እዚያው ነው። እናቱ ሆን ብላ ያስቀመጠችብኝ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሲነጋጋ ጓሮ ወጥቼ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ዳሌዬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ጮህኩ። ከአጥሩ ማዶ ጥሩምባው፣ ሞተሩ፣ «ወረታ! ወረታ!» የሚለው፤ ማን ይስማኝ? ሁለት ሰዓት ያህል ጭቃ ላይ ተጋድሜ፣ ብሞት በስንተኛው ቀን ይታወቅልኝ ይሆን እያልኩ ቀን ስቆጥር ቆየሁ። ሳምንት የሚሞላ መሰለኝ። በመጨረሻ በክርኔ ተስቤ፣ ግድግዳ ይዤ ተነሥቼ፣ በሩን ስከፍት ሬድዋን አንድ እግሩን አጥሬ ላይ ሰቅሎ አገኘሁት። «ደግሞ አጥሬን ልታፈርስ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። እግሩን አወረደ፤ ስልኩን እያወጣ ሄደ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ሰው የራበኝ። በስብሰባው ያን ያህል አፌን ሞልቼ የተናገርኩትም ለዚህ ነው።

ከስብሰባው በኋላ፣ በሰኞው፣ ሰላማዊት ወረቀቷን ይዛ ቤቴ መጣች። የአዋሳኝ ስምምነት ይሉታል።

«ሕንፃው ከግድግዳዎ ጋር ስለሚገናኝ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል» አለችኝ። «እርስዎ ካልፈረሙ ግንባታው አይጀመርም፤ ማቆሚያውም ባለበት ይቀጥላል። ግን ተረጋግተው ያስቡበት። እስከሚመጣው ሰኞ ጊዜ አለዎት።»

«ማነው የሚገባበት?»

«በፊት እዚህ የነበሩት ቅድሚያ አላቸው። እስከ ዓርብ መጥተው መመዝገብ ብቻ ነው።»

«ዘምዘምስ አለችበት?»

ቅድሚያ ያላቸውን ሰዎች ዝርዝር ገለጠች። «አለች።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር የሚዋሰነውን ለእሷ ስጧት።»

ሳቀች። «በዕጣ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ዕጣውን ለማርያም ተይላት» ብዬ ብዕሩን ከእጇ ወስጄ ፈረምኩ። የማስብበት ነገር አልታየኝም። አንድ የመመዝገቢያ ቅጽ ለምኛት አስቀረሁና፣ ያንን ይዤ ረቡዕ ጠዋት ወደ ዘምዘም ሄድኩ።

የድንጋዩ ንጣፍ እስካለቀበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ። ስምንት ዓመት ያልሄድኩበት መንገድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሠፈሩን ሳየው ቆምኩ። ሲሰፍሩ የድሮውን አቀማመጥ ሳያፋልሱ ነው የሰፈሩት፤ ማን ከማን አጠገብ እንደነበረ እያየሁ መለየት ቻልኩ። በየአጥሩ መሀል ትንንሽ በር ከፍተው ከግቢ ግቢ ይተላለፋሉ። ከዘምዘም ግቢ በአንድ ወገን ግን በር የለም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ጎመን ተክለውበታል። የማን ቦታ ሊሆን ይችል እንደነበረ ማንም አልነገረኝም፤ መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ዘምዘም ጉልበቷን እየያዘች ወጣች። ስታየኝ አልጮኸችም፣ አልተገረመችም፤ «ግቢ» አለችኝ። ድሮ ቤቷ ስገባ የማመራው ወደ ጓዳ ነበር፤ የድስቷን ክዳን ሳላስፈቅድ ነበር የማነሣው። አሁን ሶፋ ላይ አስቀመጠችኝ። ሻዩን በሰሐን ላይ አድርጋ አቀረበችልኝ። እንግዳ ሆኛለሁ ማለት ነው። ሽሮውን ስታመጣ፣ «በዘይት ነው፤ ረቡዕ መሆኑን አልረሳሁም» አለችኝ። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል እጄን ሰደድኩ።

ገና ሁለት ጊዜ እንደጎረስኩ ሙላቴ ገባ። የድሮ ጎረቤታችን ነው፣ አናጢ። ሳያንኳኳ በትንሿ በር ገብቶ፣ ከበሩ ጀርባ መሰላል አንሥቶ ሊወጣ ሲል አየኝ። «ውይ፣ ጥሩወርቅ! ከየት ተገኘሽ?» ብሎ ጨበጠኝ፤ ጤናዬን ጠየቀኝ፤ ከዚያ መሰላሉን ይዞ ሄደ። የማንን መሰላል እንደወሰደ ዘምዘም ቀና ብላ እንኳ አላየችም። ያን ጊዜ የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም።

ቅጹን ከደረቴ አወጣሁና ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩት። ሕንፃውን ነገርኳት፣ ቅድሚያውን ነገርኳት፣ መፈረሜን ነገርኳት። «እስከ ዓርብ ነው። ዛሬውኑ አብረን እንውረድ» አልኳት።

ወረቀቱን አላነበበችውም። በመዳፏ አስተካክላ መለሰችልኝ።

«በዚህ ጉልበቴ ፎቅ አልወጣም፣ ጥሩዬ። ደሞስ ማንን ትቼ? ሠላሳ ስድስታችንም እዚህ ነን።»

«ጉልበትሽ አይደለም» አልኳት። የስምንት ዓመቱ ነገር በአንድ ጊዜ አፌ ላይ መጣ። «ቂም ይዘሽብኝ ነው። ያን ዕለት ስለቴን ሳስገባ፣ በድምፅ ማጉያው ስሜን ሲጠሩ፣ እናንተ ቤት እያፈረሳችሁ እኔ እልል ስል ሰምተሻል። ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ። ብርድ ልብስ እያሰርኩ ነበር።» ፈገግ አለች። «ስምሽን ሲጠሩ ገመዱን ለቅቄ እኔም እልል አልኩ። ባሌ የሱፍ፣ አብደሻል ወይ አለኝ። ቢያንስ አንዳችን ቀረን፣ አልኩት። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እና ስምንት ዓመት...»

«በማግስቱ ዕቃው ተጭኖ አለቀ። መኪናው ተነሣ። አንዴ ቆይ ብዬ ወርጄ በርሽን አንኳኳሁ።»

ዓይኔን ወደ ሻዩ መለስኩ።

«ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን፣ ደህና ሁኚ ልበላት ብዬ ነው። ሰው ሁሉ መኪናው ላይ ሆኖ ያየኛል። አንኳኳሁ፣ አንኳኳሁ፤ አልከፈትሽም። ውስጥ አልነበርሽም?»

ልዋሽ እችል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ብል ታምነኝ ነበር። «ነበርኩ» አልኩ። «ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። አፍሬ ነው፣ ዘሚ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እግርሽ ከበሩ ሥር ይታየኝ ነበር።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ከብዙ ጊዜ በፊት አልቅሳ የጨረሰችው ነገር ነው። እኔ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ የተጸጸትኩት ባላስቀየማት ነገር ኖሯል። የተቀየመችበትን ነገር አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። በሩን ብከፍት ኖሮ በቃ፣ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

«አሁንስ?» አልኳት ዓይኔን በነጠላዬ ጠርጌ። «አሁንስ ይቅር ብለሽኛል?»

«አሁን ምን ቂም አለኝ። ቂም ቢኖረኝ ልጄን ከግድግዳሽ ሥር አቆመው ነበር?»

«ሬድዋንን?»

«ጠዋት ጠዋት በሯ መከፈቱን እያየህ ደውልልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ብቻዋን ናት፣ አንድ ቀን ብትታመም ማን ያያታል ብዬ። ይደውልልኛል። ‹ተከፍቷል፤ ዛሬም ሰድባኛለች› ይለኛል። አልሐምዱሊላህ ብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።» ሳቀች። «ክረምት ላይ አንድ ቀን በሩ አልተከፈተም ብሎ ደወለ። አጥሩን ዝለል አልኩት። ሊዘል ሲል ከፍተሽ አጥሬን ልታፈርስ ነው አልሽው።»

ወረቀቱ እጄ ውስጥ እንዳለ ተቀመጥኩ። የተወኝ፣ የረሳኝ መስሎኝ የኖርኩት ሰው በየማለዳው ደህንነቴን ሲጠይቅ ነበር። እኔ ደግሞ ሰኞ ዕለት፣ ብዕር ነጥቄ፣ ያንን አንድ መኪና ከግድግዳዬ ሥር የሚያስነሣ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ።

ዘምዘምም ያንኑ ነገር እያሰበች ነበር። «ማቆሚያው ሲዘጋ ልጁ የት ነው የሚያቆመው?» አለችኝ።

«ከተማው መውጫ።»

ሻይ ጨመረችልኝና፣ «አንቺ ለምን አትመጪም?» አለች። «ከጓሮ ክፍል አለ። እኛው ጋ ኑሪ።»

«ማርያም የሰጠችኝን ቤት ትቼ?» አልኩ። አፌ ቀደመኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ለቀያሹም፣ ለሽማግሌዎቹም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ዘምዘም ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። እሺ ልላት ፈልጌ በር እስክንደርስ ድረስ ቃሉን ፈለግኩት፤ አልወጣልኝም። እኔ እንዲህ ነኝ።

ሐሙስ በጠዋት ፊርማዬን ልሰርዝ ማዘጋጃ ሄድኩ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለኝ፤ ራሷ ብላኛለች። ከሰላማዊት ቢሮ ደጃፍ ላይ ወረፋ ነበር። የሚመዘገቡ ሰዎች ናቸው፤ የቀድሞ ሰዎች ሳይመጡ ከቀሩ ቦታው ለእነሱ እንደሚሆን ሰምተው ነው። መምህራን አሉ፣ የሆስፒታል ሠራተኞች አሉ፣ የኪራይ ቤት ያሰለቻቸው ባልና ሚስቶች አሉ። ከፊቴ የቆመችው ፋሲካ የምትባል ነርስ ናት። ሕፃን አዝላለች። ከከተማው ዳር በእግሯ እየተመላለሰች ሥራ እንደምትገባ አጫወተችኝ።

«አንቱ ከመናኸሪያው ጎን ካለችው ቤት አይደሉ?» አለችኝ። «ካልፈረሙ አይሠራም ሲሉን እኮ ተስፋ ቆርጠን ነበር። እግዜር ይስጥልን። ዕጣው ከወጣልኝ ጎረቤት ልንሆን ነው።»

ዘምዘም አይደለችም። በእሷ ዕድሜ የእኔን ግድግዳ የምታንኳኳበት ምክንያት አይኖራትም። ግን ልጁ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ ያስል ነበር። ተራዬ ደርሶ ሰላማዊት፣ «ምን ልርዳዎት?» ስትለኝ፣ «ምንም፤ ደህንነትሽን ልጠይቅ ነው» ብያት ወጣሁ።

ማቆሚያው የተዘጋው በወሩ፣ እሑድ ቀን ነው። ሕንፃው ሦስት ዓመት ይፈጃል ተብሏል። እኔ ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሒሳቡን ለማርያም ትቻለሁ።

ያን ቀን ነጠላዬን ለብሼ ደጄ ላይ ቆምኩ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ለእያንዳንዱ ሾፌር ደህና ሁን አልኩ። ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም። አንዳንዶቹ ውሃ የደፋሁባቸው ናቸው። ጌጡ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ ደስ ይበልሽ» አለኝ፤ የምሩን አልነበረም። «አንተም በሰላም ግባ» አልኩት፤ እኔ የምሬን ነበር።

ሬድዋን የወጣው ከሁሉም በኋላ ነው። መኪናውን ከግድግዳው አላቅቆ ፊቴ ላይ አቆመና ወረደ።

«ከነገ ጀምሮ መውጫው ላይ ነኝ፣ እትዬ። በርዎ ከዚያ አይታየኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ለእናቴ ስደውል ምን ልበላት?»

«ተከፍቷል በላት።»

«ሳላይ?»

«ሳታይ።»

አንገቱን አቀረቀረ። «ውሸት ይሆንብኛል እኮ። ለምን ራስዎ አይደውሉላትም?»

«ምን ብዬ? ዛሬም አልሞትኩም ብዬ?»

ሊስቅ ሞከረ፤ ዓይኑ ግን ውሃ ሞልቶ ነበር። «አንድ ቀን ባይከፈትስ?» አለ ቀስ ብሎ።

እኔም እሱን አስቤው ነበር። «አንተ ተከፍቷል በላት» አልኩት። «የቀረውን ለእኔ ተወው።» ግንባሩን ሳምኩት። ሄደ።

ማታውን ሜዳው በቆርቆሮ ታጠረ። ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዳሌዬ ቆርጥሞኝ ነበር፤ ጥቂት ብተኛ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ተነሥቼ በሩን ከፈትኩት። ፊት ለፊቴ ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ የሚያየኝ የለም። ሬድዋን ግን በዚያች ሰዓት ለእናቱ ተከፍቷል እያላት ስለሆነ፣ ልጁን ውሸታም እንዳላደርገው ብዬ ነው።